አማቴ ፍሪሲዮን የረገጡ ዕለት

ባለቤቴ ለጦሩ ስንቅ እንዲያመላልስ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ እኔ ሐዋሳ ከእናቱና ከአሮጌዋ ፒክአፑ ጋር ቀረሁ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። በተጋባን ሰሞን መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ስለነበር፣ ሐዘኔን ትንሽ ከተወጣሁ በኋላ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ጠዋት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ ከአጥማጆቹ ዓሣ እጭናለሁ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ሻሸመኔ ላሉ ሆቴሎች አደርሳለሁ።

አማቴ አልወደዱልኝም። ቁጥብ የሲዳማ ሴት ናቸው፤ የጸሎት ሰው፣ ሲወቅሱም በጥቂት ቃል ነው።

«መኪና የወንድ ነው። ልጄ እስኪመጣ ትቁም። አለዚያም ትሸጥ» አሉኝ።

«እማማ፣ እሷ ከቆመች እኛም ቆምን እኮ» አልኳቸው። ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

አንድ ሰሞን ማርሽ ስቀይር የምረግጠው ፍሪሲዮን ያስቸግረኝ ጀመር። ፔዳሉ እግሬ ሥር ይልማል። አንደኛ ማርሽ ላስገባ ስል ካምቢዮው ይንገጫገጫል። ደጋግሜ ስረግጠው ግን ጠንከር ይልና ማርሹ እሺ ይላል። እንዲህ እያባበልኳት ስሠራ ከርሜ፣ አንድ ቀን ከሻሸመኔ ስመለስ ሐዋሳ ፒያሳ መሀል ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። መንገደኞች ገፍተው ዳር አስያዙኝ።

እዚያው አቅራቢያ ጋራዥ ያለው መካኒክ መጥቶ ፔዳሉን በእጁ አንዴ ጫን አደረገው።

«የፍሪሲዮኑ ዲስክ አልቋል፣ እህቴ። ካምቢዮው መውረድ አለበት። ዲስክ ደግሞ አዲስ አበባም የለም» አለኝ።

 ነገሩ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ባለቤቴ ሲነዳ ስለ መኪናው የማያወራበት ጊዜ አልነበረም፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሳልፈልግ ሰምቼዋለሁ። ዲስክ ሲያልቅ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይስብም፣ ይል ነበር። የእኔዋ ዓሣ ጭና ዳገት ስትወጣ ለግማ አታውቅም። ችግሯ መሳቡ ላይ ሳይሆን ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ አለመልቀቁ ነው። ደጋግመው ሲረግጡት የሚሻለው ደግሞ የፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ አየር ሲገባ ነው። አየር ከገባ፣ የሆነ ቦታ ዘይት ይወጣል ማለት ነው።

«ዲስኩ አይመስለኝም» አልኩት።

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ትቶኝ ሄደ።

ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው ግቢያችን አስገፍቼ አስገባኋት። ኮፈኑን ከፍቼ የፍሪሲዮኑን ዘይት ማጠራቀሚያ ሳይ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ማዳበሪያ አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። ካምቢዮው ጎን ያለችውን የፍሪሲዮኑን ትንሽ ፖምፓ የጎማ መሸፈኛ ገለጥ ሳደርግ፣ ዘይቱ ክንዴ ላይ ዥው አለ። ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ።

አማቴ እየሮጡ መጡ። «መኪናው ተጫነሽ?»

«አይ እማማ፣ አገኘሁት! እዚህ ጋ ነው የሚያፈሰው!»

ጎንበስ ብለው ዘይት በዘይት የሆነውን ፊቴን አዩ። ወደ ቤትም አልተመለሱም።

ፖምፓዋን ፈታሁ። ውስጧ ያለው፣ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ጎሚኒ ከንፈሩ ተበልቷል። ፖምፓዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ፒያሳ ወዳሉ አንድ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ሄድኩ።

«የዚህ ጎሚኒ ከጠፋ ቆይቷል፣ ልጄ» አሉኝ። ባዶ እጄን ልመለስ ስል ግን አንድ የወተት ጣሳ ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልኝ። ሁሉም ዓይነት ጎሚኒ አለበት። አንድ በአንድ ስሞክር፣ የሌላ መኪና የፍሬን ጎሚኒ ጥብቅ ብሎ ገባ። ወደ ውስጥ ስገፋውም ሳይንገዳገድ ተንሸራተተ። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «በይ አላህ ይርዳሽ» አሉኝ።

የፖምፓዋን ውስጥ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ያጠብኩት በፍሬን ዘይት ነው፤ ላምባ ጎሚኒ ያሳብጣል። መልሼ ገጠምኩና ዘይቱን ሞላሁ። የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው፤ ይህ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ ሌላው ከታች የፖምፓዋን ማስተንፈሻ ብሎን ይከፍታል። ግቢው ውስጥ ከአማቴ በቀር ማንም አልነበረም።

«እማማ፣ እባክዎ ይግቡልኝ» አልኩ።

«እኔ? እዚያ ላይ?»

ጫማቸውን መሬት ላይ አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሰው ቤት እንደሚገቡ ሆነው ገቡ። መሪውን ግን አልነኩም።

ከሥር ሆኜ «ይርገጡ! እንደ ረገጡ ይቆዩ!» ብዬ ብሎኗን ስከፍት፣ ፔዳሉ ሰጠም ሲልባቸው የሰበሩት መስሏቸው እግራቸውን አነሱ። አየሩ ተመልሶ ገባ። እኔ ሳልዘጋ እንዳይለቁ ለመንኳቸው። እንደገና ጀመርን። «ረገጥኩ!» ይላሉ። እከፍታለሁ፤ ዘይቱ አረፋ እየደፈቀ ይወጣል። እዘጋለሁ። «ይልቀቁ!» ቀስ በቀስ አረፋው ቀነሰ። አሁን እኔን መጠበቅ ትተው «ክፈቺ! ዝጊ!» እያሉ የሚያዙኝ እሳቸው ሆነው ነበር።

በመጨረሻ ከላይ «ልጄ፣ እግሬን መለሰው! ጠነከረ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሞተሩን አስነስቼ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። ድምፅ የለውም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ የኋላ። አማቴ ከጎኔ እንደ ተቀመጡ ከግቢ ወጣን። ፒያሳ ስንደርስ ያ መካኒክ አየንና ወደ መስኮቱ ቀረበ።

«ማን ሠራት?» ሲል ጠየቀ።

ልመልስ አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ። «እኛ» አሉት።

ባለቤቴ በሰላም እስኪመለስ ድረስ ያች ፒክአፕ አንድ ጠዋት አልቀረችም። የመሸጡን ነገርም ዳግመኛ ያነሳው የለም። መኪናዋን በሠራንበት ሳምንት እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ አማቴን ከጓደኞቻቸው ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። አንድ እግራቸውን ዘርግተው መሬቱን እየረገጡ፣ «አየሩ በአንዴ አይወጣም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል» ይሏቸዋል። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩኝ። እኔም ጥፍሬ ሥር የቀረውን የዘይት ጥቁር ሳልደብቅ ቀና ብዬ ቆምኩ።