ያልወሰነችው ተማሪ

በወረርሽኙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ እትዬ ጥያቄ ከቤታቸው ሆነው ለተማሪዎች ይደውሉ ጀመር። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የጥናት ቢሮው ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ሥራቸውም ጠባያቸውም መጠየቅ ነው። "ክትባቱን ትወስዳለህ?" ይላሉ። እሺ ያለም እንቢ ያለም በዚያው ይሰናበታል። "አልወሰንኩም" ላለ ግን በሳምንቱ እንደገና ይደወላል።

አብዛኞቹ ቶሎ ይገላግሏቸዋል። የምትሄድበት ዘመድ አጥታ ዶርም ውስጥ ብቻዋን የቀረች አንዲት ተማሪ ግን ሁልጊዜ "አልወሰንኩም እትዬ" ትላለች። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፦ ውሃ እንደጠፋ፣ የኮሪደሩ አምፖል እንደተቃጠለ። እትዬ ሲያስላቸው ከሰማችማ ሐኪም ዘንድ ካልሄዱ ብላ ትቆጣቸዋለች። ስልኩ ሲዘጋ ቤታቸው ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው ፍሪጁ ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ ትዕግሥታቸው አለቀ። "አንቺ ልጅ፣ ክትባት ነው ወይስ ባል ነው የምትመርጪው?"

"ምን ላድርግ እትዬ፣ ክንዴን እያመመኝ እንዴት ላስብ?" አለች።

እትዬም በተከተቡ ማግስት ክንዳቸው አልነሳ ብሏቸው ነበር።

"ግራውን ነው?"

"አዎ" አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

"ታዲያ አሁን ቅጹ ላይ ምን ብዬ ልሙላ?"

"እንደፈለጉ።"

እትዬ ጥያቄ በሥራ ዘመናቸው የሰው መልስ ለውጠው አያውቁም። ፍሪጁ ያጉረመርማል።

"አልወሰነችም ብዬ ሞልቻለሁ" አሉ። "ሰኞ እደውላለሁ። እስከዚያ ደግሞ እንዳትወስኚ።"