ማክሰኞ ሦስት ሰዓት የተቀዳ ውሃ

ጓደኞቿ «ብልቃጥ» ይሏታል። የአካባቢ ሳይንስና ፖሊሲ ተማሪ ናት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከደብተር ይልቅ የውሃ ናሙና መቅጃ ብልቃጥ ስለሚበዛ የወጣላት ስም ነው። የመመረቂያ ጥናቷን ርዕስ ስትመርጥ ግን አልቀለደችም። እናቷ ከአንድ ቆዳ ፋብሪካ በታች፣ ወንዝ ዳር ጎመንና ካሮት ታለማለች። ወንዙ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፤ የጎረቤት ልጆች እግር ቆስሏል። እናት የሚጠጣውን ውሃ ከሩቅ ቦኖ በጀርባዋ ስታመላልስ ወገቧ አለቀ። ሰፈሩ አቤት ቢል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ «ማስረጃ አምጡ» አለ።

«ማስረጃውን እኔ አመጣዋለሁ» አለች ብልቃጥ።

አይ የዋህነት! ዩኒቨርሲቲው ሥርዓት አለው። የትብብር ደብዳቤ ሳይጻፍ፣ ማህተም ሳይመታ ናሙና አይቀዳም። ደብዳቤው ላይ ቀንና ሰዓት ይጠቀሳል፤ እሷው ጻፈችው፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። እሷው ወስዳ ለፋብሪካው ጸሐፊ ሰጠች። ጎበዝ፣ ሌባን «ማክሰኞ ልፈትሽህ እመጣለሁ» ብሎ በደብዳቤ የሚያሳውቅ ምን ዓይነት ሰው ነው? የተማረ ሰው ነዋ!

ማክሰኞ ፋብሪካው በር ደረሰች። ዘበኛው ወንበር አወጣላት፤ «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እህት፣ ማሽኑ ከእሁድ ጀምሮ ለጥገና ቆሟል፣ ጫጫታም የለብሽ» አላት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው። ከፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦ ወደ ወንዙ የሚወርደው ጠብታ ፊት ያሳያል። ብልቃጥ እየቀዳች እንባዋ መጣ። ቤተ ሙከራው በሳምንቱ ውጤቱን ሰጠ፦ ከተፈቀደው መጠን በታች፣ ንጹህ።

አማካሪዋ ዘንድ ሮጠች። «ዶክተር፣ አውቀው ነው ያቆሙት። ሳላሳውቅ ልቅዳ፣ አንድ ቀን ብቻ!»

«ያለ ደብዳቤ የተቀዳ ውሃ ለኔ ውሃ አይደለም» አሏት መነጽራቸውን እየጠረጉ።

«እሺ፣ ማሽኑ ቆሞ እንደነበር ልጻፍ።»

«ዘበኛ ነገረኝ ብለሽ? ሐሜት ጥናት ውስጥ አይገባም። ማስረከቢያው ዓርብ ነው። ዘንድሮ መመረቅ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ትፈልጋለች። እናቷ አራት ዓመት ጎመን ሸጣ ነው ያስተማረቻት። «ማሽኑ ቆሞ ነበር» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር በገዛ እጇ ሰርዛ፣ ጥናቱን ፈርማ አስረከበች። ከክፍሉ አንደኛ ወጣች፤ እሰይ አይባል ነገር! የጥናቱ ግልባጭም በሥርዓቱ መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ ተላከ።

ከወር በኋላ ቤት ስትሄድ እናቷ ደጃፍ ላይ በሳቅ ተቀበለቻት። ትናንት የሰፈር ስብሰባ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ጥናቱን ከነስሟ አንብቦ «አቤቱታው ተዘግቷል» ብሏል። ጎረቤቱ ሲያጉረመርም እናት ከሁሉ ፊት ተነሥታ «ልጄ ውሸት አትጽፍም!» ብላ አፋቸውን አስይዛቸዋለች።

«እማዬ…»

«ዝም በይ አንቺ! አኮራሽኝ እኮ። ወገቤም አረፈ።» በጣሳ ውሃ ቀድታ ዘረጋችላት። «እንኪ፣ መንገደኛ ነሽ፣ ጠምቶሻል።»

«ከየት ነው?»

«ከወንዙ ነዋ! እኔ ከትናንት ጀምሮ እየጠጣሁ ነው።»

ብልቃጥ ጣሳውን ነጥቃ ደፋችው። «አይጠጣም እማዬ፣ መርዝ ነው!» ብላ ጮኸች።

እናት መሬት ላይ የፈሰሰውን አየች፤ ልጇን አየች።

«ታዲያ ለምን ፈረምሽ?» አለቻት።