ዘፈኑ ነው ወይስ ጆሮዬ

ስቱዲዮዬ እንጅባራ ውስጥ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ የተከራየኋት ጠባብ ክፍል ናት። ያን ሰሞን በእጄ የነበረው የአንዲት የሠርግ ዘፋኝ የአገውኛ ዘፈን ነው። ቀረጻው አልቆ የቀረኝ ማስተሪንጉ፣ ማለትም የመጨረሻ መልኩን አስይዞ ድምፁን ማጉላቱ ብቻ ነበር።

"ወንድሜ፣ ከሌሎቹ ዘፈኖች ቀጥሎ ሲከፈት የኔ አንሶ ይሰማል፤ አፈርኩ" አለችኝ። "አስጩህልኝ።"

ኮምፒውተሬ ላይ ሊሚተሩን ከፈትኩ። የድምፁን ጫፍ ጫፍ እየደፈጠጠ ሌላውን ከፍ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ገፋሁት፣ ጎላ። ደግሜ ገፋሁት። ያኔ በጆሮ ማዳመጫዬ በግራ በኩል እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ነገር ሰማሁ። ዘፈኑን ሳቆመው ጆሮዬ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ቀረ።

የአባቴ ጆሮ መድከም የጀመረው በእኔ ዕድሜ ነው። እናቴ አጠገባቸው ቆማ ስትጮህ፣ እሳቸው አፍ አፏን ሲያዩ ነው ያደግኩት። እኔ ደግሞ ከጆሮዬ ሌላ እንጀራ የለኝም።

ማዳመጫውን ግራውን ወደ ቀኝ ገልብጬ ባደርገው ነገሩ ይለይ ነበር። መንኮሻኮሹ ወደ ቀኝ ከዞረ ችግሩ የዘፈኑ ነው፤ ግራ ላይ ከቀረ የእኔ። አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ማወቁን ፈራሁ። ዘፋኟ ስትደውል "ትንሽ ይቀረዋል" እያልኩ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ። ዘለልኩ።

"ምን ሆነሃል? ከበሩ ጀምሮ ስጠራህ አትሰማም እንዴ?"

ማዳመጫ እንኳ ሳላደርግ አልሰማኋትም ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ማዳመጫውን አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች።

"በግራ በኩል ይንኮሻኮሻል" አለች። "እኔም እሰማዋለሁ።"

ዘፈኑ ነው! ግን ጥሪዋን ያልሰማሁትስ?

ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ ዘፈኑን ባሮጌው ኮምፕሬሰር አሳለፍኩት። ይሄኛው ፕሮግራም ሳይሆን ቁልፎቹ በእጅ የሚዞሩ የብረት ሳጥን ነው፤ ከበሮው ሲዘል ቀስ ብሎ ይጫነዋል። ከዚያ ሊሚተሩን ጥቂት ብቻ ጨመርኩ። መንኮሻኮሹ ጠፋ። ባለቤቴን ደጋግሜ አሰማኋት፤ ራሴን አላመንኩም።

ዘፋኟ መጥታ ሰማችው። "ከነዚያ አሁንም ትንሽ ያንሳል" አለች። "ግን ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል። ይሁን።"

እኔ ዳንግላ ወርጄ ጆሮዬን ለሐኪም አሳየሁ።

"ግራ ጆሮህ ቀጫጭን ድምፆችን እየለቀቀ ነው" አለኝ ሐኪሙ። "የሄደው አይመለስም። የቀረውን ጠብቅ።"

"ይብስብኛል?"

"እየለካን እናያለን።"

አሁን ድምፅ ዝቅ አድርጌ፣ እያረፍኩ ነው የምሠራው። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ሁለት ጣቶቼን ግራ ጆሮዬ ሥር አፋትጋለሁ። መፋተጋቸው እስካሁን ይሰማኛል።