የትርፌ «ኖር»

ዛሬ ረፋድ ላይ የልብስ ሳሙና ሽታ አፍንጫዬን ቢመታው፣ ሰው የገባ መስሎኝ ምርኩዜን ተደግፌ ብድግ አልሁና «ኖር!» አልሁ። «በእግዜር» የሚለኝ ሳጣ ዓይኔን አጥብቤ ባይ፣ የተነሣሁት ለካ በራፉ ላይ ለተሰጣ እርጥብ ጋቢ ኖሯል። የልጅ ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔም ጋቢው እንዳይቀየመኝ ቀስ ብዬ ተቀመጥሁ።

ያን ሽታ የማውቀው ከትርፌ ነው። ትርፌ አያቴ በልጅነቷ ከነጋዴ የገዟት፣ በቤታችን ውኃ ስትቀዳና እህል ስትፈጭ ያደገች ሴት ነበረች፤ ከድስት ቂጥ ብዙም የማልቀላው እኔ እንኳ፣ ጥቁረቷን እንደ ጥፋት ቆጥሬ «ባሪያ» እላት ነበር። ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ ባሪያ ሁሉ ነጻ ነው ብሎ ሲያሳውጅ፣ ትርፌ ከጦር ሰፈሩ የወታደሮቹን ልብስ እየተቀበለች ወንዝ ወርዳ ታጥብ፣ ሲመሽ ግን ወደ እኛው ተመልሳ ታድር ነበር።

እናቴን የበላት ይኸው መመላለሷ ነበር። በጥቅምት አርበኛው አባቴ ከዱር እግራቸውን ቆስለው መጥተው ከጎታው ጀርባ ተደብቀው ነበርና፣ ትርፌ ስትገባ ወሬው ይቋረጥ፣ ስትወጣ ዓይን ይከተላት ነበር። እኔም ሰላይ ሆኜ ተሾምሁ። ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተጋድሜ ብውል ሸሚዝ ከመቁጠር በቀር ያደረገችው ነገር አልነበረም፤ ባዶ እጄን ላለመመለስ ግን፣ ለአንድ ወታደር ቤታችንን በጣቷ ስታሳየው አየሁ ብዬ ዋሸሁና እፍኝ ቆሎ ተሸለምሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ከቆሎዬ የተረፈኝን ስቆረጥም፣ ትርፌ ውኃው የሚንጠባጠብ የወታደር ልብስ እንደ ተሸከመች ገባች።

«እሜቴ፣ ሳይደርቅ መልሺ አሉኝ። እንዲህ የሚሉት ለዘመቻ ሲወጡ ነው፤ ነገ ፍተሻ አይቀርም። ጌታዬን ያሽሿቸው።»

«ማን ላከሽ?» አለች እናቴ። «ቤቴን ስትጠቁሚ ታይተሻል።»

ትርፌ ወደ እኔ አየች፤ ቆሎው አፌ ውስጥ ጠጠር ሆነብኝ።

«ነጻ ነሽ ያሉኝ በጓሮ በር ነው የሚያስገቡኝ፤ እናንተም በጓሮ በር ነው የምታስገቡኝ» አለች ረጋ ብላ። «አገሩ ግን የእኔም ነው።»

ያን ጊዜ ከጎታው ጀርባ የአባቴ ድምፅ ተሰማ፦ «እዚህ መኖሬን እያወቀች ይህን ሁሉ ቀን ዝም ያለች፣ ዛሬ ልትሸጠኝ ነው? በቅሎዋን ጫኑ።»

አባቴ ሳይመሽ ወደ ገሳይ ሄዱ። በማግስቱ ወታደሮቹ መጥተው ጎታውን በሳንጃ ቢወጉት፣ የፈሰሰው ገብስ ብቻ ነበር። እኔም ውሸቴን ከቆሎው ጋር ዋጥሁት።

ጣሊያን በወጣበት ክረምት አባቴ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ጭቃቸውን ይዘው ሲገቡ፣ ቤቱ ሙሉ ተነሥቶ «ኖር!» አላቸው። ወዲያው ትርፌ የእግር ውኃ ይዛ በጓሮ በር ገባች፤ የተነቃነቀ የለም። እኔ ከመደቡ ግማሽ ድረስ ተነሣሁ፤ እናቴ ብታየኝ ግን ቁንጫ የምፈልግ መስዬ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ትርፌ እግራቸውን ልታጥብ በአጠገቤ ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣ «በእግዜር» አለችኝ።

ዛሬ ቤታችን ያለው አንድ በር ነው፣ ሁሉም በእሱ ይገባል፤ ለገባ ሰው የሚነሣ ግን ከእኔ በቀር የለም፣ እኔም የምነሣው ለጋቢ ነው። ትርፌ መልሱን ቀድማ ሰጥታኝ ሄዳለች፤ «ኖር»ዋ ግን እስካሁን እኔው ዘንድ ነው።