ብርቄ ያልተነሣችበት እሑድ

ባዶ ጆንያ ተራግፎ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ የመካነ ሰላሙ አዳራሽ ፊቴ ድቅን ይላል። በረሃቡ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ ማከማቻ ስለነበረ፣ አብዮቱ መጥቶ ቀበሌ ሲሰበሰብበትና ኪነት ሲታይበት እንኳ ሽታው አልለቀቀውም ነበር።

በረሃቡ ዓመት አባታችን ለቀን ሥራ ሑመራ ወርዶ ስለነበር፣ እናቴ እኔንና ታላቅ እህቴን የሺን አስከትላ፣ ትንሿን ማሬን አዝላ ወደ ደሴ ስትጓዝ፣ ማሬ ጀርባዋ ላይ ሞተች። መንገደኞች ቀበሩልን፤ እናቴም አፈሩን ከእጇ አራግፋ እኛን እየጎተተች ጉዞዋን ቀጠለች። ዝናቡ መጥቶ ወደ ቀያችን ስንመለስ ሁሉም ቤት ሐዘንተኛ ስለነበረ፣ ለቀስተኛ የሚሆን ሰው ጠፋ። ለማሬ አልተለቀሰም። እናቴ ሲያዩዋት ደህና ትመስል ነበር፤ አልነበረችም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በክረምት፣ የሺ የቀበሌ ኪነት ገብታ ድራማ ማጥናት ጀመረች። ድራማው የድሮ ዘመን ነበር፤ የሺ፣ ብርቄ የምትባል የጭሰኛ ሚስት ሆና፣ ባላባቱ እህሏን አስጭኖ ሲወስድባት፣ የቀረቻትን እፍኝ ቆሎ ለልጆቿ አካፍላ ትሞታለች። ክረምቱን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ስትሞትና ስትነሣ ተደብቄ አያት ነበር።

መስከረም ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ታየ። ሰው ብርቄን ገና ስትገባ ወደዳት፤ ቆሎውን ስታካፍል ከኋላ አንዲት ሴት «አንቺስ? ለራስሽ አታስቀሪም እንዴ፣ የኔ ሞኝ!» ብላ ጮኸች። ስትሞት አዳራሹ በእሪታ ተናጋ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብድግ ስትል፣ የኪነቱ ኃላፊ መድረክ ላይ ዘሎ ወጥቶ «ጓዶች፣ ባላባቱ ገና አልተፈረደበትም! ለቅሶውን አቁሙና አጨብጭቡ!» አለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ «ወላሂ ይሄ ልጅ ጤና የለውም፤ ሬሳ ፊት ይጨበጨባል?» ቢሉም፣ የፈራው ሁሉ አጨበጨበ፤ እናቴም መልሳ ተቀመጠች።

ቤት ስንገባ «ለቅሶው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የሺን «ደግሞ መቼ ነው የምትሞቺ?» እያለች ትጠይቃት ነበር። የሺ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩ ገብቷት መሳቋን ተወች። ጥቅምት ሲያልቅ «እንግዲህ አልሞትም፣ እማ። አብዮታዊ ድራማ በለቅሶ አይቋጭም ብለው ቀይረውታል፤ ብርቄ ተነሥታ ትታገላለች» አለቻት።

ኅዳር ላይ፣ አጨዳው ጋብ ሲል፣ እንደገና እሑድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ታየ። መለወጡን ያልሰሙ ሴቶች ለብርቄ ሊያለቅሱ ከወግዲ በኩል ሳይቀር መጡ። እናቴ ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ብርቄ ወደቀች፤ መነሣት ሲገባት አልተነሣችም። ኃላፊው ከመጋረጃው ጀርባ «ተነሺ! የሺ፣ ተነሺ እንጂ!» ሲል፣ እትዬ ዘሀራ «የሞተ ይነሣል እንዴ? ወግድ!» አሉት። ያን ጊዜ እናቴ መድረኩ ጠርዝ ድረስ ሄዳ፣ ደረቷን እየመታች «ማሬዬ፣ ሳላለቅስልሽ! ማሬዬ፣ ሳላለቅስልሽ የሄድሁት!» አለች። እትዬ ዘሀራ ተነሥተው ተቀበሏት፤ የወግዲ ሴቶችም ማሬ ማን እንደሆነች ሳይጠይቁ፣ እያንዳንዷ የራሷን ሟች ስም እየጨመረች ተቀበለች። የሺ እንባዋ ወደ ጆሮዋ እየወረደ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ለቅሶው እስኪያበቃ ሞታ ቆየች።

ከኪነቱ አባረሯት። እናቴ ሦስት ቀን ቤት ተቀምጣ፣ የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ብሏት፣ በአራተኛው ቀን ፀጉሯን ታጥባ ወደ አውድማ ወረደች።

አሁን ደሴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። ባለፈው እሑድ በአከራያችን ቴሌቪዥን የምንከታተለው የድሮ ዘመን ድራማ ላይ፣ ሁላችንም የምንወዳት ልጅ ሞተች። አለቀስን፣ ደራሲውን ረገምን፣ ወዲያውም ተዋናይዋ በለበሰችው ቀሚስ ተከራከርን። አከራያችን ልጃቸው ከዘመቻ ያልተመለሰ፣ መርዶም ያልመጣላቸው ሴት ናቸው፤ ዜና ተጀምሮ እንኳ እያለቀሱ ነበር። አንዷ ጓደኛዬ «ኧረ እትዬ፣ ድራማ እኮ ነው!» ስትላቸው፣ አፍረው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ጓዳ ገቡ። በእናቴ ጊዜ ቢሆን አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት የልጃቸውን ስም ተቀብላ ታለቅስላቸው ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ቤታቸው ኖሬ፣ የልጁን ስም እንኳ አላውቀውም።