ከብርድ ልብሱ ሥር ያነሣሁት ርብራብ

በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ከማዕበል ተርፎ ወደብ የደረሰ የንግድ መርከብ አዛዥ በሹም ፊት ቀርቦ ይምል ነበር። ነፋሱ እንዴት እንደ በረታ፣ ውኃው በየት እንደ ገባ፣ መርከቡን ለማቅለል የማን ዕቃ ወደ ባሕር እንደ ተጣለ፣ ከመጣሉም በፊት ባለንብረቶቹ ተጠይቀው እንደ ሆነ ይናገራል። ሁሉን ለማዳን የተጣለ የአንዱ ዕቃ ጉዳቱ ለሁሉም ይደለደላል። ዕቃው ቀድሞ በውኃ ተበላሽቶ ከነበረ ግን የሚገመተው እንደ ተበላሸ ነው፤ የተበላሸውም በአጫጫን ጉድለት ከሆነ ተጠያቂው ማዕበሉ ሳይሆን የጫነው ነው። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍሁት በዚህ ጉዳይ ላይ ነበር።

ያንን ጽሑፍ በካርቶን ይዤ ጆሃንስበርግ ገባሁ። ልጄ በሐኪምነት ተቀጥራ ስትሄድ አስከትላኝ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሷ ወደ ሌላ አገር ስትዛወር ግን የእኔ የጉዞ ወረቀት የሚያሳልፍ ሆኖ አልተገኘም። ትሮይቪል በሚባል ሠፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ቀን ቀን በአጎራባቹ ሠፈር በጀፕስታውን ውስጥ በአንድ ምድር ቤት ዕቃ ጠባቂ ሆንሁ።

መጋዘኑን የተከራዩት ብርድ ልብስ በጅምላ የምትሸጥ አንዲት ያገሬ ሴትና ጫማ የሚያከፋፍል ከአገራችን ደቡብ የመጣ አንድ ሰው ናቸው። ጠዋት ያስገቡኝና የብረቱን በር ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፉታል። ዕቃ ሲያስፈልጋቸው መጥተው ይከፍታሉ። በዚያ ሠፈር የተለመደ አሠራር ነበር፤ ቁልፍ የሌለውን ሰው ዘራፊ አስገድዶ አያስከፍተውምና። ምክንያቱ ትክክል ስለ ነበር አልተከራከርሁም። ትክክል መሆኑ ግን አየሩን አላሰፋልኝም። ስልክ እዚያ ውስጥ አይሠራም። ብርሃን የሚገባው በእግረኛ መንገዱ ላይ በተነጠፉ ወፋፍራም መስታወቶች በኩል ስለ ነበር፣ ከሰው ሁሉ የማየው የጫማውን ሶል ብቻ ነው።

ከበሩ አጠገብ አራት ቦንዳ ብርድ ልብስ ነበር፤ ሁለቱ ከሥር፣ ሁለቱ ከላይ። ሴትዮዋ ለብርዱ ወራት ብላ ያላትን ሁሉ ያፈሰሰችው በእነዚያ ላይ ነው። ሁሉም በእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ግን ቀን ቀን ላነባቸው እዚያ ያመጣኋቸው ጽሑፎቼ ከግድግዳው እርጥበት ስለ ሳቡ ርብራቡን ከሥራቸው አውጥቼ ለራሴ መደርደሪያ አደረግሁት። ቦንዳዎቹ ሲሚንቶው ላይ ዐረፉ። ለማንም አልነገርሁም።

በዚያ አገር የተካሄደው የዓለም ዋንጫ ካለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በዚያ አገር ዝናም የሚጥለው በበጋ ነው። በረዶው መስታወቱን ሲደበድበው፣ ከላይ የነበሩት ሶሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሮጠው ጠፉ። ውኃው ደረጃውን ወርዶ በበሩ ሥር ገባ። አንዱን የጫማ ካርቶን ከፍቼ በጫማው ተረከዝ በሩን ደበደብሁ፤ ጮኽሁ። የመለሰልኝ በረዶው ብቻ ነው።

ውኃው የታችኞቹን ሁለት ቦንዳዎች ዘልቆ ወደ ጫማዎቹ ማቅናት ጀመረ። የምጠይቀው ባለንብረት አልነበረም። የላይኞቹን ሁለቱን ገፍቼ ጣልሁና ላስቲካቸውን ቀድጄ፣ ደረቁን ብርድ ልብስ በበሩ ሥር እየጠቀጠቅሁ ግድብ ሠራሁ። ውኃው ቆመ። ጫማዎቹ ዳኑ። እኔ እርጥብ ሱሪዬን ለብሼ በጨለማው ውስጥ ቆምሁ። ከዚያ መውጣት የምችለው ሌላ ሰው ሲያስበኝ ብቻ መሆኑን የዚያን ጊዜ በሰውነቴ ዐወቅሁት።

በሩ ሲከፈት ሁለቱም ነበሩ። ሴትዮዋ አራቱን ቦንዳ አይታ እጇን በራሷ ላይ ጫነች።

«አለቀልኝ! አባባ፣ ምን አደረጉኝ?»

የባሕሩን ደንብ አስረዳኋቸው። ጫማ ሻጩ ደረቅ ካርቶኖቹን እየዳበሰ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ከዚህ እስከ ባሕሩ ሙሉ ቀን መንዳት ነው እኮ! ዓሣ እንኳ የምንበላው ከቆርቆሮ ነው።»

«አንተ ሳቅ! የእኔ ብርድ ልብስ ባይኖር ጫማህ ዛሬ ይዋኝ ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ሳቁን ገትቶ። «አራቱንም ለእኔ ጫማ ብለው ነው የጣሏቸው?»

«አራቱንም ነዋ! አታይም?» አለች ቀድማኝ።

«ሻርፕ፣ ካፒቴን» አለኝ፤ በዚያ ከተማ ልማድ «እሺ» ማለቱ ነው። «እንግዲያው የአራቱን ጉዳት እንጋራለን።»

ፊቷ ሲፈታ አየሁ። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ይዘጋል፤ እሷ ትድናለች፣ እኔም ሥራዬን አላጣም። ነገር ግን ከማዕበል በኋላ ስለሚማል መሐላ የጻፈ ሰው፣ የራሱ ተራ ደርሶ ሲጠየቅ ምን ብሎ ዝም ይላል?

«ሁለቱን ብቻ ነው የጣልሁት። የታችኞቹ ቀድመው ርሰው ነበር። ርብራቡን ለወረቀቶቼ የወሰድሁት እኔ ነኝ።»

መደርደሪያዬን አየች፤ ጽሑፎቼ ደረቅ ነበሩ።

«አባባ፣ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?»

ጫማ ሻጩ ወደ ቦንዳዎቹ ጠጋ ብሎ፣ «የደረቁትን እጋራለሁ። የታችኞቹ ግን የእርስዎ ናቸው፤ እርስዎ ባሉት ደንብ» አለኝ። ከጽሑፌ ፈታኞች አንዳቸውም እንዲህ አጥርተው አልበየኑም።

የታችኞቹን ተሸክሜ ትሮይቪል አወጣኋቸው። ሳምንት ሙሉ እያጠብሁ በሕንፃው ደረጃ መደገፊያ ላይ ሰቀልሁ። ጎረቤቶቼ ሽማግሌ ሲጠሩ እንደሚሉት «ማዳላ፣ ሆቴል ልትከፍት ነው?» ይሉኝ ነበር። ሽታው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ በሚባል ሠፈር ሱቅ ያለው አንድ ልጅ በቅናሽ ወሰዳቸው። ገንዘቡን ሳስረክባት ሳትቆጥር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለብዙ ቀናት ከሰላምታ በቀር አላነጋገረችኝም።

ርብራቡን በቦታው መለስሁ፤ ጫማ ሻጩ ከከፈላት ድርሻ የገዛችው አዲስ ቦንዳም በላዩ ተቀመጠ። ወረቀቶቼን ጫማ ሻጩ በካርቶኖቹ ላይ አስቀመጠልኝ። ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

አንድ ጠዋት ሴትዮዋ ጓጉንቸሩን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። ጎንበስ ብላ ከቦንዳው ሥር ተመለከተች። ከዚያም በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ልቆልፍ?»

በመስታወቱ ላይ ሶሎች ያልፉ ነበር። ሰማዩን ከዚያ ማየት ስለማይቻል እሷን ጠየቅኋት።

«ደመና አለ?»

ወደ ደረጃው ቀና ብላ አየችና፣ «የለም» አለችኝ።

«እንግዲያው ቆልፊ፣ ልጄ።»