ሙሽራዋና አስር ቁልፍ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። የሰርግ መኪኖች ክላክስ በሰማሁ ቁጥር እስካሁን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ከበራችን ፊት ለፊት የምትኖረው ማህሌት ልታገባ ነበር። እንደ እህቴ ነው የማያት። የሙሽሮቹን መኪና ለመከራየት ሲያስቡ፣ “እኔ እያለሁ?” ብዬ አሮጌዋን አውቶሞቢሌን አቀረብኩ። ሰርጉ እንዲደምቅም ትልቅ ስፒከርና አምፕሊፋየር ገዛሁ። ባለሙያ አልጠራሁም። ቤት ስናድስ የተረፈ የመብራት ገመድ ነበረኝ፤ ከሞተሩ ወደ መኪናው ውስጥ በምታስገባ የብረት ቀዳዳ አሾልኬ አምፕሊፋየሩን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት።

ማህሌት ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ታስተምራለች። በግቢው ስታልፍ አጎንብሳ አየችና፣ “አቤል፣ ይሄ ገመድ ቀጭን ነው። ቀዳዳው ላይ ጎማ አድርግለት፣ ብረቱ ይልጠዋል። ባትሪው አጠገብ ደግሞ ፊውዝ ያስፈልገዋል” አለችኝ።

“አንቺ ስለ ቬሎሽ አስቢ” አልኳት።

ይሉኝታ ይዞኝ ፊውዙን ብቻ አስገባሁ። ገና ስሞክረው ተቃጠለ። ሱቅ ድረስ ማን ይሄዳል? ብዙ ሹፌር እንደሚያደርገው የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቀለልኩበት። ሙዚቃው ግቢውን አናወጠው፤ እኔም ኮራሁ።

የሰርጉ ቀን ሙሽሮቹን ከኋላ ጭኜ፣ ሙዚቃውን ለቅቄ፣ በሰንጋ ተራ በኩል ወደ ሜክሲኮ አመራሁ። መንገድ ተዘጋግቶ ስንቆም ከእግሬ ሥር ነጭ ጭስ ተነሳ። ቪዲዮ ቀራጩ አዳራሽ ውስጥ ሙሽራ ሲገባ የሚለቀቀው ጭስ መስሎት ካሜራውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ፣ “በጣም ያምራል! ቀጥሉበት!” ይላል። ሚዜዎቹም ከኋላ መኪና ወርደው ያጨበጭባሉ። የሰው ልጅ በሰርጓ ቀን ላቃጥል ነው አልኩ በሆዴ።

ማህሌት በሩን ከፍታ ወጣች። “አቤል፣ ሞተሩን አጥፋና ውጣ! ኮፈኑን ክፈት! አስር ቁልፍ የታለ?”

አስር ቁጥሩን የብሎን መፍቻ ከወንበሩ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። ሙሽራው የቬሎዋን ጫፍ ከአስፋልቱ አንስቶ ያዘላት፤ እሷ የባትሪውን ኔጌቲቭ ማሰሪያ ፈታች። ጭሱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ገመዱ ቀዳዳው ጋ ተልጦ ብረቱን ነክቷል፣ ምንጣፉም ሥሩ ጠቁሯል። ገመዱን ነቅላ ጣለችና ባትሪውን መልሳ አሰረች።

ይሄኔ አማቷ፣ “ምን ሆናችሁ ልጆቼ?” እያሉ ደረሱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ማህሌት ግን የጠቆረ ጓንቷን በአበባዋ ሸፍና፣ “ምንም አይደል እማዬ፣ ሞተሩ ሞቆ ነው” አለቻቸው። ሚዜዎቹ አምነው ውኃ ይዘው መጡ። እኔም ምንም ያልጎደለውን ራዲያተር እነሱን እያመሰገንኩ ሞላሁ። እስከ አዳራሹ በአፋችን እየዘፈንን ሄድን።

ዛሬ መኪናዬ ወፍራም ገመድ፣ ቀዳዳው ላይ ጎማ፣ ከባትሪው ስንዝር የማይርቅ ደህና ፊውዝ አላት። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት “ነግሬው ነበር” ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ገበናዬን ሸፈነችልኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬም ተደስቼም አላውቅም።

አማቷ አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ “ልጄ፣ ውኃ እንዳትረሳ” ይሉኛል። ይህን ካነበቡ እማማ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።